ድንጋይ ያልነካው ላሜራ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ 11፡30፣ ጎንደር

እናቴ የበሶ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ተቀምጣለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱቃችን ስልክ ተደውሎ፣ አዲ አርቃይ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ኑሩ፣ በጣም ደክሟል ተባለ። "እህቴን አምጡልኝ እያለ ነው፤ ሳትዘገዩ ድረሱ" አሉን። በሶውን ያዘጋጀችው ለእሱ ነው። ሲታመም በማር ተበጥብጦለት ከእሷ እጅ ካልሆነ አይጠጣም።

እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚህ ሰዓት በካርቶን እየተኩራራሁ ነበር።

ማኪናዬ አሮጌ ነው። የሞተር ዘይት ሲያልቅ የምትበራው ቀይ መብራት ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ ማታ ማታ ሞተሩ ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ። ጧት ሁለት ሦስት ጠብታ ካየሁ ደኅና ነው፤ ካርቶኑ ከራሰ ዘይት እጨምራለሁ። ይህን ያስተማረኝ ባለጋራዡ አያ ደምሌ ነው። ከሞተሩ ሥር የብረት ላሜራ ካስገጠምኩ ወዲህ ግን ካርቶኑ ደረቅ ነው፤ ዛሬም። አንዲት ጠብታ የለም!

"አየሽ እማ፣ ላሜራው ማኪናውን አዳነልኝ" አልኳት። የዘይት መለኪያውን እንኳ መዝዤ ሳላይ ሞተር አስነሣሁ።

1፡00፣ አምባ ጊዮርጊስ

ገበያ ነው። ድንች የጫኑ አህዮች ጠጠሩን መንገድ ሞልተውታል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እናቴ ከማኪናው አልወርድም አለች።

"ሻይህን ፉት በልና ና። መንገድ ላይ አታስመሽብኝ።"

ፉት ብዬ አልመጣሁም። ዳቦ አዘዝኩ፣ ደገምኩ፤ አጠገቤ ለተቀመጠው ነጋዴም ስለ ላሜራዬ አወራሁለት። ለናንተም ላውራና ይውጣልኝ።

ዓምና ዛሪማ አጠገብ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ በስቶብኝ መንገድ ላይ ቀርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት አያ ደምሌ ዘንድ ሄጄ፣ ከፊት ፓራውልቱ ሥር ተነሥቶ የሞተሩን ሆድ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ላሜራ ግጠምልኝ አልኩት። ከአሮጌ የጭነት ማኪና ቆርጦ፣ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፎ ሠራልኝ። ብር ቀለም አስቀባሁት። በአራት ብሎን ሊያስረው ሲል ትራፓኖውን አነሣ።

"መሐሉን ልብሳው" አለኝ።

"ለምኑ አያ?"

"ዘይቱ እንዲወርድበት።"

"ቀዳዳ ካለው ምኑን መከላከያ ሆነ? ድንጋይ ይግባበት?"

"ምነው ልጄ! በጣት ቀዳዳ ምን ድንጋይ ይገባል? ማኪና አፍ የለው፤ የሚነግርህ በጠብታው ነው።"

እኔ መቼ ሰው እሰማለሁ! ያን የመሰለ ሸጋ ላሜራ አላስበሳም ብዬ ድርቅ አልኩ። "እንግዲያ በየሳምንቱ ብሎኑን እየፈታህ እይ" ብሎ ተወኝ። አንድ ቀንም አልፈታሁም።

2፡30፣ ከዳባት አለፍ ብሎ

ዳገቱን ስንጨርስ ሞተሩ ቋ፣ ቋ አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸና ቀጥ አለ። ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር፣ ወይ ፍንክች!

መሬት ላይ ተኛሁ። ላሜራው እንደተቀባ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። ብሎኖቹን ስፈታ ጥቁር ዘይት ክንዴ ላይ ተደፋ። ለካ ሲያንጠባጥብ የከረመው ሁሉ እንደ ትሪ ላሜራው ላይ ተጠራቅሟል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ በኋለኛው ጠርዝ በኩል ሲፈስ መጥቷል።

ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ምነው ልጄ፣ ከታች ጀምሮ መንገዱን ስታጠቁር እኮ ነው የመጣኸው" አሉኝ።

እናቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "ድንጋይ መታው?"

"አይ እማ። ድንጋይስ አልነካውም።"

ምነው በነካው! ቢያንስ በድንጋይ አሳብብ ነበር።

7፡00፣ እዚያው

አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቆምን። አውቶብሱ ሁሉ ገበያተኛ ጢም ብሎበት ያልፋል። እጄን እያውለበለብኩ ክንዴ ዛለ። እናቴ ነጠላዋን መንገድ ዳር አንጥፋ ዙህርን ሰገደች። ሰግዳ ስትነሣ ዓይኗ ወደ ሰሜን ነበር።

በመጨረሻ ስኳር የጫነ አይሱዙ ቆመልን። "ማዘር ጋቢና ይግቡ፤ አንተ ጭነቱ ላይ ውጣ" አለ ሾፌሩ። ማኪናዬን ለሽማግሌው አደራ ብዬ ወጣሁ።

ሊማሊሞ

ደባርቅን አልፈን ቁልቁል ጀመርን። መንገዱ ይጠመዘዛል፤ ከጎኑ ገደል ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ዕይታው አንድ ገጽ እጽፍላችሁ ነበር። ዛሬ ያየሁት ፀሐይዋን ብቻ ነው። የጋቢናውን ጣራ ደበደብኩ።

"ወንድሜ፣ በአላህ ቶሎ በልልን! በሽተኛ ጋ ነው የምንሄደው!"

"ሊማሊሞ ላይ ቶሎ የሚባል ነገር የለም!" ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ቶሎ ማለት የነበረብኝ ጧት ነው፤ ሁለተኛውን ዳቦ ሳላዝ።

11፡30፣ አዲ አርቃይ

ሙቀቱ ተቀበለን። የአጎቴ በር ላይ ወንዶች ቆመዋል፤ ጫማቸው ላይ ትኩስ አፈር አየሁ።

የአጎቴ ሚስት እናቴን አቀፈቻት። "እስከ ዙህር ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። 'መጣች?' ይለኛል፤ 'መንገድ ላይ ናት' እለዋለሁ። ዙህር ተሰግዶ ሳያበቃ ሄደ። ጠበቅንሽ፤ ወሬሽ ጠፋ። ጀናዛ አያድርም፤ ዐስርን ሰግደው ወሰዱት።"

ማኪናው ባይቆም አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ነበርን። ስሌቱ አእምሮዬ ውስጥ እስካሁን ይመላለሳል።

እናቴ የበሶውን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጠችና "ፊቱ ምን ይመስል ነበር?" ብላ ጠየቀች።

ነገሯት። አንድ በአንድ ሰማች። ሴቶቹ ምን አገኛችሁ ሲሏት፣ "መንገዱ ነው። መንገዱ ክፉ ነው" አለች። እኔን አላየችኝም። በሰው ፊት ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ከወር በኋላ፣ ጎንደር

አያ ደምሌ ሞተሩን አድሶ ጨረሰ። "ብዬህ ነበር" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "አላህ ያጽናችሁ" ብቻ አለኝ። ከዚያ ትራፓኖውን አንሥቶ ላሜራውን መሐሉ ላይ በሳው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

አሁን ጧት ጧት ካርቶኑን ከኔ ቀድማ የምታየው እናቴ ናት። ጎንበስ ብላ ታይና "ዛሬም ጠብቷል፤ ደኅና ነው" ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ግን የትም ውሰደኝ ብላኝ አታውቅም።