«ቤቶች» ብላ የምትገባ ልጅ

ልብስ ሰፊዋ እህቷን በቀበረች በሳምንቱ የስምንት ዓመት የእህቷን ልጅ ወደ ቤቷ አመጣች። እናትና ልጅ የኖሩበት ቤት የኪራይ ነበርና ቁልፉ ለአከራዩ ተመልሷል። የመጡ ዕለት አክስት ልማድ ሆኖባት «ግቢ እናቴ» ብትላት፣ ልጅቱ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። አክስት ያን ቃል ዳግመኛ ከአፏ አላወጣችም።

ልጅቱ አታስቸግርም፤ አክስትን ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። ውሃ ለመጠጣት ታስፈቅዳለች። ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ፣ እንደ እንግዳ ደፉ ላይ ቆማ «ቤቶች» ትላለች፤ ግቢ እስክትባል ንቅንቅ የለም። አክስት ቤቱ የራስሽ ነው፣ ዝም ብለሽ ግቢ ብትላት እሺ ትላለች፤ በማግስቱ ያው ነው።

ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ጎረቤት ሰምታ፣ «ይቺ ልጅ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናት እንዴ?» ብላ ሳቀች። አክስት አልሳቀችም። የእህቴን አደራ እንኳ ማስጠጋት ያቅተኝ እያለች በጸሎቷ ሁሉ ይህንኑ ታነሳ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ዝናብ አቆያት። በሩን ለልጅቱ ብላ ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። ስትመለስ ልጅቱ ደጅ ቆማለች፤ ሹራቧ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«በሩ ክፍት አይደል? ምን ሆነሽ ነው ያልገባሽው?»

«ተጣራሁ። ማንም ግቢ አላለኝም።»

«ቤትሽ ነው አላልኩሽም?»

ልጅቱ ጫማዋን እያየች መለሰች። «ዝም ብዬ ከገባሁ እኮ የእኛ ቤት ቀረ ማለት ነው።»

አክስት ቀርቷል ልትላት አልጨከነችም፤ አልቀረም ብትላት ውሸት ነው። አስገብታ ሹራቧን አወለቀችላት፤ ፀጉሯን በፎጣ ታደርቅላት ጀመር። ፀጉሯ ቁርጥ የእናቷን ነው።

«ለእኔም ቀረብኝ» አለች አክስት። «እሁድ እሁድ እናንተን ብዬ የምሄድበት ቤት የለኝም።»

ልጅቱ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አክስትም ዝም በይ አላለቻትም።

በማግስቱ ልጅቱ አሁንም ደፉ ላይ ቆማ ተጣራች። አክስት ዝም ብላ የምትገባበትን ጊዜ ፈጣሪ ያውቃል ብላ፣ ጠዋቱን የስፌት መኪናዋን እየጎተተች በሩ አጠገብ አምጥታው ነበር። «ግቢ» አለቻትና፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ቦርሳዋን ተቀበለቻት።