ወንዙ ይጎድላል ያሉኝ አያቴ

ልጅ ሳለሁ፣ አያት የሚባለው የዛሬው የአዲስ አበባ ሰፈር ገና ሜዳና እርሻ ሳለ፣ እኛ ቤት ከብት ሳይገባ ተረት አይነገርም ነበር። አያቴ ብትለምኗቸው፣ ብታለቅሱ፣ ጉልበታቸውን ብትስሙ፣ የመጨረሻዋ ላም በረት ገብታ ካልታሰረች አፋቸውን አይከፍቱም። «ከብት ሜዳ እያለ ተረት ከተወራ መንገዱን ይስታል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ለጉድ የምቸኩል ልጅ ነበርኩ።

«አባባ፣ የቀረችው ቡሬ ብቻ ናት፤ እሷ እንደሆነች ሁሌ ዘገምተኛ ናት፤ ይጀምሩልኝ በቃ!»

«እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የመጣሽው? አርፈሽ ተቀመጪ!»

ያኔ የኩበቱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ የቡሬን ኮቴ ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ የጠበቅኩት ጥበቃ ከተረቱ ይልቅ ይጣፍጥ እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ።

አንድ ምሽት እንዲህ ብለው ጀመሩ። ሰውየው ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። ማዶ ቤቱ ይታየዋል፤ ሚስቱ ያነደደችው እሳት ሳይቀር ይታየዋል። መንገደኞች «ዋኝተህ ግባ» ቢሉት «ውሃ ነው፣ ይጎድላል» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውሃው ግን እየጨመረ ሄደ። እዚህ ላይ አያቴ አዛጉና «ቀሪው ነገ» አሉ። ተንፈራፈርኩ፤ ማን ሊሰማኝ!

በነጋታው ከብቶቹ አልገቡም። የግጦሹ ሜዳ ለፋብሪካ ተፈልጎ ሊታጠር ስለነበር አባቴ ሁሉንም ነድቶ ገበያ ወስዷቸው ኖሯል።

«አባባ፣ ሰውየው ተሻገረ?»

አያቴ ባዶውን በረት አዩ። «የቀበሌ ሰዎች ምትክ መሬት እንሰጣችኋለን ብለዋል። ያኔ ላም እንገዛለን። እሷ ስትገባ እጨርስልሻለሁ፤ እስከዚያ ታገሺ።»

ታገስኩ። ሰኞ ሰኞ አያቴ ከዘራቸውን ይዘው ቀበሌ ቢሮ ይሄዳሉ፤ «ይታያል» ተብለው ይመለሳሉ። «የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል» ይሉኛል፤ እኔም አምናቸዋለሁ። በረቱ ፈርሶ ቦታው ላይ የኪራይ ክፍሎች ተሠሩ። እኔ አደግሁ፣ እሳቸው አልጋ ላይ ዋሉ።

አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አላስቻለኝም። «አባባ፣ አሁን ይንገሩኝ። ከብት የለን፣ ምን ይጠፋብናል?»

«እውነትሽን ነው፤ የሚጠፋ የለም» ሲሉ ልቤ ዘለለ። ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ፣ ስጠብቅ ስጠብቅ ረሳሁት» አሉኝ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ዛሬ እዚያው ሜዳ ላይ በተሠራው ፋብሪካ የሸሚዝ እጅጌ እሰፋለሁ። ተቆጣጣሪዋ ትዕግስቴን ታደንቃለች። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲጋፋ እኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ትዕግስት አልጎደለኝም፤ የጎደለኝ የምጠብቀው ነገር ነው። ይህን ስል ይቆጨኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ባለፈው ለልጄ ያቺኑ ግማሽ ተረት ነገርኳት።

«እማዬ፣ ያኔ ውሃው ሳይጨምር ለምን አልዋኘም?» አለችኝ።

አያቴ ቢኖሩ «እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ?» ይሏት ነበር። እኔ ግን «ተኚ» አልኳት።