ባንዳ የሚሆን ወፍራም ድምፅ ጠፋ

ዛሬ አሥራ አንድ አርበኛ መረጥኩ፤ ባንዳ ግን አንድ እንኳ አጣሁ።

ደብረ ማርቆስ የሙዚቃ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ በጣሊያን ጊዜ ላይ የዘፈን ድራማ ሊሠሩ ነው። የአርበኛውን ዜማ ለቀጭን ድምፅ፣ ለጣሊያን ያደረውን ባንዳ ዜማ ለወፍራም አድርጌ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የእጄን አገኘሁ።

ቅዳሴ ላይ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው ዲያቆን ተማሪዬ እንኳ ጉሮሮውን አንቆ እንደ ጫጩት ሲጮህ ዋለ።

«ያ ድምፅህ የት ሄደ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ቅድመ አያቴ አርበኛ ነበሩ። ባንዳ ሆኜ እናቴ ቤት አታስገባኝም።»

የሁሉም ቅድመ አያት አርበኛ ነበር። ጣሊያን ጎጃም ውስጥ መንገድ የሚያሳየው አጥቶ ብቻውን ሲንከራተት ኖሯል ማለት ነው!

ተናደድኩና «በቃ፣ ባንዳውን እኔ እሆናለሁ» አልኩ።

ወሬው የትውልድ ከተማዬ ይጁቤ ደርሶ እናቴ ወዲያው ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር ለሌላ ሰው ስጥ።»

«ምነው እማዬ? ድራማ እኮ ነው።»

«አያትህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ገና አልሞቱም» ብላ ዘጋችው።

እኔ ያደግሁት «አያትህ አርበኛ ነበሩ» እየተባልኩ ነው።

እስቲ እናንተም እናታችሁ ጋ ደውሉና ያሏችሁን ከታች ጻፉ። ብቻዬን ባንዳ ሆኜ እንዳልቀር።