ነጥብ ያላቸውና የሌላቸው

ወልቂጤ በሰብል ጥበቃ ሥራ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የውሃ ፕላስቲክ ይዘው ቢሮዬ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ፕላስቲኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ውስጡ ስምንት የእሳት እራቶች ነበሩ። ጀፎረውን፣ ማለትም በመንደራቸው ቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ ሣር፣ ትል ሲበላው ሰንብቶ ድንገት ጠፋ፤ ከዚያ እነዚህ ወጡ አሉኝ። አጠገቡ በቆሎ ዘርተዋል። ተምች መሆን አለመሆናቸውን እንድነግራቸው ነው የመጡት።

ክንፍ አይቶ መለየት ተምሬያለሁ። አምስቱ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ አላቸው፤ ሦስቱ ግን ደብዛዛ ግራጫ ናቸው። ደግሞ ሽማግሌው የመጡበት ባጃጅ ሲያንገጫግጫቸው የክንፋቸው ዱቄት ረግፏል። በአጉሊ መነጽር አንዱን አይቼ ተምች ነው እላለሁ፤ ግድግዳው ላይ ካለው የተምች ሥዕል ጋር ሳስተያየው ደግሞ አይመስልም። በመጨረሻ፣ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ሣር ብቻ ይበላል፣ ሌላው ምናልባት ተምች ነው አልኳቸው።

«ታዲያ የትኛውን ልፍራ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ነገ መጥቼ ልይ» አልኳቸው። በማግስቱ መንደራቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ከሣሩ የለቀሟቸውን ትሎች አፈር ባለው ባልዲ ውስጥ ሣር እያበሉ አሳድገው፣ አሮጌ አጎበር አልብሰዋቸው ነበር። ለእሳቸውም ያንኑ ደገምኩላቸው። አጎበሩን ገለጥ አድርገው፣ ነጥብ ያለውና የሌለው የእሳት እራት በጅራታቸው ተያይዘው እንዳሉ አሳዩኝ።

«ሁለት ዓይነት አይደሉም» አሉኝ ረጋ ብለው። «ባልና ሚስት ናቸው።»

ፊቴ ጋለ። የወንዱና የሴቷ ክንፍ እንደሚለያይ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ግን አንድ ዓይነት ከሆኑስ የቱ ናቸው? ሴትየዋ ትል ሳሉ የበቆሎ ቅጠልም ሰጥተዋቸው ነበር፤ አንዳንዱ በላ፣ አንዳንዱ ተወው አሉኝ። ይህ የባሰ አደናገረኝ። ጥቂቶቹን በፖስታ አሽጌ አዲስ አበባ ላለ ቤተ ሙከራ ላክሁ። ክንፋቸው ስለተጎዳ መለየት አልተቻለም የሚል መልስ መጣ።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የቻልኩት በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ ከሽማግሌው ጋር በቆሎውን ቅጠል በቅጠል ማየት ብቻ ነበር። አልፎ አልፎ የተበሳ ቅጠል እናያለን፤ የበሳውን ትል ግን አናገኝም። መድኃኒት ይረጭ ለማለትም፣ ይቅር ለማለትም አልደፈርኩም። በቆሎው እንደዚያው ሆኖ ደረሰ።

መስከረም ላይ ሽማግሌው እሸት በጋዜጣ ጠቅልለው ቢሮ አመጡልኝ። ለባልደረቦቼም «በቆሎዬን ያዳነችልኝ እሷ ናት» ብለው አወሩ። አይደለም ልል አሰብኩና፣ ምን እንዳደረግኩና ምን እንዳላደረግኩ ለራሴም ስላልገባኝ፣ እሸቱን ተቀበልኩ።