ስጦታ አለምነህና የጽድ በር ቦረቦር

ቆሟል! እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቆሟል እላችኋለሁ! ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ እልል ስል ጎረቤቱ ሁሉ «ማን አገባ?» እያለ ወጣ። ማንም አላገባም። የቆመው ቦረቦር ነው። ጎርፍ ቆፍሮ ያወጣው፣ የጽድ በር ሥላሴን መቃብር ከታች እየበላ ሲወጣ የኖረው ያ ቦረቦር፣ በትናንቱ ዝናብ ከመቃብሩ አንዲት ጓል አፈር አልወሰደም። ደስታው የስጦታ ነው። የአቶ አለምነህ ልጅ፣ የተፈጥሮ ሀብት ምህንድስና ተማሪዋ ስጦታ። እኔ ልብስ ሰፊዋ ደብረወርቅ ደግሞ ያኖርኳት ነኝና ከደስታው ድርሻ አለኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ደስ ሲለኝ ከመሃል እየጀመርኩ ሰው አደናግራለሁ።

ጽድ በር ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው አስፋልት ላይ ወርዳችሁ ዳገቱን በእግር የምትወጡባት የገበሬ ቀበሌ ናት። ስጦታ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አባቷ ስንቋን በአህያ ጭኖ እኔ ዘንድ ደባርቅ አመጣት። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል አከራየኋት። ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በዓመቱ እናቷን ዓለምዬን ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ መድረስ የሚችለው አስፋልቱ ድረስ ነበርና በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወርዷት መንገድ ላይ ከነጽንሷ አረፈች። ሥላሴ ቅጽር ውስጥ፣ በመቃብሩ ታችኛው ጫፍ፣ ከአንድ ያረጀ ጽድ አጠገብ ቀበሯት። ያን ጊዜ ቦረቦሩ ከዚያ ሩቅ ነበር። ማንም አላሰበበትም።

ቦረቦሩ ሲነሣ ከብቶች ወደ ውሃ የሚወርዱበት ቀጭን መንገድ ነበር አሉ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉም በዚያው መውረድ ለመደ። መጀመሪያ ልጆች ይዘሉት ነበር፤ ኋላ ጎልማሳ ተንደርድሮ፤ ኋላ በቅሎም እምቢ አለች። አንድ ነሐሴ ላይ ሰዎች ለቅዳሴ ሲመጡ የአንድ አዛውንት ካህን መቃብር ተንዶ አፅማቸው ጭቃ ውስጥ ተገኘ። ለቅመው፣ ፍትሐት አድርሰው ሌላ ቦታ አሳረፏቸው። ከዚያ ወዲህ የጽድ በር ሰው ሌሊት ዝናብ ሲሰማ ተመስገን ብሎ አይተኛም። መቃብሩን ያስባል።

እንግዲህ ስጦታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ አማረላት። ዘመድ ሁሉ «ጤና ግቢ፣ ነጭ ልበሺ» አላት። እሷ የተፈጥሮ ሀብት ምህንድስናን መረጠች። ለመሰናበት የመጡ ዕለት አባቷ ሱቄ ውስጥ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ፣

«ጎርፍንም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማሩታል?» አላት።

«ጎርፉን ብቻ አይደለም አባዬ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት መሄድ እንዳለበት ነው።»

«ወዴት እንደሚሄድማ እኔም አውቃለሁ። ወደ እናትሽ ነው የሚሄደው።»

እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቃተኝ።

አምስት ዓመት የተባለው ትምህርት በመንገድ መዘጋትም፣ በጊዜው ችግርም ተጎተተ። ቤቷ ተቀምጣ የጠበቀችበት ጊዜም ነበር። ግን ለእረፍት በመጣች ቁጥር ዓይኗ ሌላ ሆኖ ትመጣለች። ከመናኸሪያ እኔ ቤት እስክትደርስ በየቱቦው አፍ እየቆመች ታጎነብሳለች። ባጃጅ ነጂው ሚናስ ጡሩምባውን እየነፋ፣

«አንቺ ልጅ! እኩዮችሽ ባል ያያሉ፣ አንቺ ቱቦ ታያለሽ!» ይላታል።

«ቱቦው ጠባብ ነው ሚናስ። ክረምት ባጃጅህን ይዞብህ ይሄዳል።»

«እኔንም ይውሰደኝና አንቺ መጥተሽ አውጪኝ!»

ሳቅ ነበር ያኔ። ያለፈው ክረምት ግን ሳቁን አጠፋው። መስከረም ሲጠባ ቦረቦሩ ወደ ዓለምዬ መቃብር ተጠግቶ በመካከላቸው የቀረው አንድ ሰው ተጋድሞ የሚሞላው መሬት ብቻ ነበር። አያ አለምነህ እዚያ ቆሞ ካየ በኋላ ወደ መቃብሩ መሄድ ተወ። ቅዳሴ ሲያልቅ በላይኛው በር ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን እህል ሸጦ ሲመለስ እኔ ዘንድ አረፍ አለና «አፅሟን አነሣለሁ» አለኝ። «አፈር አልብሼ ደህና ሁኚ ያልኳትን ሴት ደግሜ ላያት ነው» አለ።

ስጦታ ይህን ስትሰማ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ የሚሆነውን መርጣ ነበር፤ ያንኑ ቦረቦር።

«አባዬ፣ አንድ ክረምት ስጠኝ» አለችው።

«ክረምቱ እሷን ከወሰዳትስ?»

«አይወስዳትም።»

«ማነው የነገረሽ? መምህርሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

እሱም «የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪወርድ» አላት። «አንዲት ጓል ከተነካች በማግሥቱ ካህናቱን እጠራለሁ።»

ሥራው ምን እንደሆነ ለእኔም አስረድታኛለች፤ በገባኝ ልክ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው የተበላውን ጫፍ ነው። ውሃው ግን ከላይ፣ ከግጦሹ ሜዳ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ ቦይ ቆፍረው ጎርፉን ወደ ድንጋያማው ወንዝ ይቀለብሱታል። ከዚያ ቦረቦሩ ውስጥ እንደ ደረጃ የድንጋይ ክትር ይሠራሉ። ከቦዩ አምልጦ የሚገባው ውሃ ክትሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይሰበርና የተሸከመውን አፈር እዚያው ጥሎ ያልፋል። ለዚህ ደግሞ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ብዙ ድንጋይ።

ስህተቷም የመጣው በዚሁ በድንጋዩ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆማ «ለመቃብራችን ስትመጡ አንዳንድ ድንጋይ ይዛችሁ ኑ» አለች። ሰው እሺ አለ። አገሩ ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን መሳለምን ያውቅበታል፤ የተሳለ ይሸከማል፣ ንስሐ የተሰጠው ይሸከማል። በየሰንበቱ በጀርባ፣ በራስ፣ በትከሻ መጣ። ግን ማንም ቦረቦሩ ጋ አላወረደውም። እንደ ልማዱ ደጀ ሰላሙ ጋ እያስቀመጠ፣ ተሳልሞ ገባ። ክምሩ ሲያድግ ስጦታ ደስ አላት። በልቧ ክትር ትሠራበት ነበር።

የደቦው ቀን ደረሰ። ስጦታ የመጀመሪያውን ድንጋይ ከክምሩ አንሥታ ወደ ቦረቦሩ ወረደች፤ ጎልማሶቹም ተከተሏት። ይሄኔ እማሆይ አንጓች የሚባሉ አሮጊት መነኩሴ ከበሩ ጥግ ተነሥተው ጮኹ።

«ኧረ በሥላሴ! የስለት ድንጋይ ከደጅ ይወጣል? ልጄ ታሞብኝ በዚህ በጎበጠ ጀርባዬ ያመጣሁት ነው! ለእናንተ ጉድጓድ ነው የሰጠሁት?»

ጎልማሶቹ ባሉበት ቆሙ። አንዱ የያዘውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ፤ ሌላውም ተከተለው። ለሥላሴ የተሰጠ ነገር ነው፤ ማን ደፍሮ ይነካል? ሻረው የሚባለው፣ ላይኛው ግጦሹ ላይ ቦይ መቆፈሩ ከመጀመሪያውም ያልተዋጠለት ሰውዬ፣

«ወይዘሪት መሐንዲስ!» አለ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ደጀ ሰላም መዝረፍ ነው እንዴ?»

ደቦው ተበተነ። የተጠመቀው ጠላ እንኳ ሳይጠጣ ቀረ። ስጦታ ማታ ደውላ «እትዬ፣ እዚያው አድጌ እንዴት ጠፋኝ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ስመለከተው የነበረው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚሞላ ነው።» ድምፅዋ ለእንባ ቀርቦ ነበር። ክረምቱም ደጅ ላይ ነው። አዲስ ድንጋይ ከሩቅ ለማምጣት ጊዜ የለም።

በማግሥቱ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ቴዎፍሎስ ዘንድ ሄደች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ» አለች።

«ጥፋትሽን አውቄዋለሁ» አሏት። «አንጓችም እውነቷን ነው። የስለት ድንጋይ ከደጅ አይወጣም። እኔም አውጡ አልልም።»

«እሺ አባቴ።»

«ተነሺ። እሑድ ግን እንዳትቀሪ።»

እሑድ ቅዳሴው አለቀ። አባ ቴዎፍሎስ መስቀሉን ይዘው፣ ዲያቆናቱን አስከትለው፣ ቤተ መቅደሱን ሊዞሩ ወጡ። ሕዝቡም እንደ ወትሮው ተከተለ። ወትሮ ከግንቡ ሳይርቁ ነው የሚዞሩት። ያን ቀን ግን ወደ ውጭ ሰፋ አሉ። በመቃብሮቹ መካከል እያለፉ፣ በዓለምዬም መቃብር አልፈው፣ እስከ ቦረቦሩ አፋፍ ወረዱ። አፋፉን ይዘው ዳር ዳሩን ዞሩ። ከዚያ ቆመው መስቀሉን ወደ ጉድጓዱ ዘረጉ።

«እነዚህ የተኙት የሥላሴ ናቸው ወይስ አይደሉም?» ብለው ጠየቁ።

«ናቸው!» አለ ሕዝቡ።

«እንግዲያው የሥላሴ ቅጽር ዛሬ ከዚህ ጀመረ። ድንጋዩ ከደጅ አልወጣም። ደጁ ነው እዚህ ድረስ የወረደው።»

እማሆይ አንጓች ዳገቱን ብቻቸውን ተመልሰው ወጡ። ሰው ሁሉ ተቀይመው የሄዱ መስሎት ነበር። ቆይተው መጡ፤ ጀርባቸው ላይ ድንጋይ አለ። ከዚያ ሁሉ ክምር የራሳቸውን ለይተው ነው ያመጡት።

«የትጋ ነው የማወርደው?» አሉ።

ስጦታ እጃቸውን ይዛ ወደ ታችኛው ክትር መሠረት ወሰደቻቸው። «እዚህ ጋ፣ እማሆይ። ሰፊው ጎኑ ወደ ታች ይሁን።»

«ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«ባይዝ ለሥላሴ የምትመልሺው አንቺ ነሽ፤ እኔ የለሁበትም» ብለው ድንጋዩን ተሳልመው አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሰው አላጣም። ሻረው እንኳ «የኔ ግጦሽ ስለሆነ ቦዩን ሌላ ሰው አይቆፍርልኝም» ብሎ ዶማውን ይዞ መጣ፤ እያጉረመረመ ቆፈረ። አያ አለምነህ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል። ግን ድንጋይ ሲደረድር ጀርባውን ለዓለምዬ መቃብር ሰጥቶ ነው። አንድ ቀን እኔም የስፌት ሥራዬን ትቼ ሄጄ አይቼዋለሁ። ልጁ «አባዬ፣ ያንን አቀብለኝ» ስትለው ያቀብላታል፤ ወደዚያ ግን አንገቱን አያዞርም።

ትናንት ደግሞ ሰማዩ ተገለበጠ። እዚህ ደባርቅም የበረዶው ድምፅ ቆርቆሮውን ሊበሳው ነበር። ልቤ ጽድ በር ሄደ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ስጦታ ናት።

«እትዬ! ቦዩ ተሸከመው! ጎርፉ በላይ በኩል ዞሮ ወንዝ ገባ። የገባውም አፈሩን ክትሮቹ ጋ ጣለው፤ ተኝቷል እኮ፣ እንደ ሊጥ! የላይኛው ክትር አንድ ክንፉ ተንዷል፤ እሱን ነገ እጠግነዋለሁ።»

«መቃብሩስ?» አልኳት። እልልታዬን ይዤው ነበር።

«አልተነካም። ሣሩ እንኳ አልተነካም።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባዬ እማዬ አጠገብ ተቀምጧል። በስብሶ ነው የተቀመጠው። ተነሥ ብለው እምቢ አለኝ።»

እልልታዬን የለቀቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስጦታ ግን «ኧረ እትዬ ቀስ፣ ሐምሌና ነሐሴ ገና ናቸው እኮ» ትለኛለች። ይሁኑ! እኔ ለትናንቱ ነው እልል ያልኩት። መመረቋም ገና ነው፤ ሥራዋን መምህራኑ ፊት ቆማ ማስረዳት አለባት። እሱንም ታስረዳዋለች።

ስልኩን አባቷ ተቀበላት።

«ደብረወርቅ» አለኝ። «እኔ ለልጅቱ አልነገርኳትም፤ ባለፈው አናጢው ፀጋው ዘንድ ለአፅሟ ሣጥን አዝዤ ነበር። ዛሬ ነገ ሊጀምረው ነው። እባክሽ ንገሪልኝ። ሴትዮዋ ካለችበት አትነሣም በይልኝ።»

ትናንት ሰንበት ነበርና የፀጋው ሱቅ ዝግ ነው፤ ስልኩንም አያነሣም። እኔም ዝም ብሎ መቀመጥ ስላቃተኝ ይህን ጻፍኩ። አሁን ነጋ። ከመንገዱ ማዶ ፀጋው በሩን ሲከፍት አየሁት፤ ጣውላም እያወጣ ነው። ኧረ መጋዙንም አነሣ! በቃ፣ ነጠላዬን የት አደረግኋት? ልሂድ፣ ልሩጥ።