«መጀመሪያ ተጣሉልኝ» የሚለው ጠበቃ

አላምንም። ጠዋት ሥራ ልገባ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ለፍተሻ ተሰልፌ ሳለሁ እህቴ ሀዋ ደወለች። «ጋሽ ፈለቀ አረፈ» አለችኝ።

«አቦ ተይ፣ ሰኞ ለት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ አይቼዋለሁ» አልኳት። «ወላሂ» አለች። ሀዋ ከማለች እውነት ነው።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ፈለቀ ጠበቃ ነበር። ሥራው ውርስና ኑዛዜ ነው። ጸባዩ ግን እንደ ሌላ ጠበቃ አልነበረም። አንድ አባት ኑዛዜ ልናዘዝ ሲለው ልጆቹን በሙሉ ግቢ ያሰበስባል። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና «በሉ፣ መጀመሪያ ተጣሉልኝ» ይላል። «አባታችሁ በሕይወት እያለ እዚሁ ተጣሉ፣ ለቅሶ ላይ እንዳትጣሉ።»

እኛ ቤት የመጣው አባዬ የታመመ ጊዜ ነው። አባዬ የባቡር ጡረተኛ ነበር። ሀዋን የወለደው እናቴን ሳያገባ በፊት ነው፣ ያደገችውም ከድሬ ወጣ ብሎ ዋሂል፣ እናቷ ጋ ነው። እኛ ጋ ለበዓል ትመጣለች፣ በልታ ትሄዳለች።

ተጣሉ ሲለን ተሳሳቅን። «ምን የሚያጣላን ነገር አለ? እንዋደዳለን» አልነው።

ቦርሳውን አነሳ። «እንግዲያው አልጽፍም። ፍርድ ቤት የሚያመላልሱኝ እንዲህ የሚዋደዱት ናቸው» ብሎ ወጣ። ወላሂ ጥሎን ሄደ። እንዴት እንደተናደድኩበት።

በሳምንቱ ሐብሐብ ይዞ ተመለሰ። ገና እየቆረጥን ሀዋ ፈነዳች። «እዚህ ቤት ግድግዳ ላይ የሁላችሁም ፎቶ አለ፣ የኔ የለም። ነገ አባዬ ሲሞት እናንተ ልጆቹ፣ እኔ ለቅሶ ደራሽ» አለች። እኔስ መች አርፌ። «ያስታመምኩት እኔ፣ አንቺ የት ነበርሽ?» አልኳት። ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጯህን። አባዬ ያለቅሳል። ጋሽ ፈለቀ ሐብሐቡን እየበላ ያዳምጣል።

ሲደክመን ጊዜ ሀዋን «ቤቱን ነው የፈለግሽው?» አላት።

«ቤቱ ይቅርብኝ። ልጄ ነች ብሎ ስሜን ይጥራ» አለች።

 የጠየቀችው ይቺን ብቻ ነው።

ኑዛዜው ምስክሮች ፊት ሲነበብ መጀመሪያ የተጠራው የሷ ስም ነበር። «የመጀመሪያ ልጄ ሀዋ» ይላል። ጋሽ ፈለቀ እዚያ ላይ ቆም አለና እሷን እያየ በእናቷ ቋንቋ፣ በሶማሊኛ ደገመላት። የቤት ድርሻም ደረሳት፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ የምታወራው ስለዚያች ስም ነው።

አባዬ ሲሞት እኔና እሷ አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። የተኮራረፈ ሰው አልነበረም።

ጋሽዬ፣ ድሬ አንቱ አይባልም፣ ዛሬም አንተ ልበልህ። ከአባዬ የቤት ድርሻ ወረስኩ። እህት ያወረስከኝ ግን አንተ ነህ። ሳልነግርህ ሄድክ፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ሀዋ ከዋሂል ተነስታለች። እኔም ከሥራ አስፈቅጄ መናኸሪያ እየጠበቅኳት ነው። ግቢህ የምንገባው አብረን ነው።

ደህና ሁን ጋሽ ፈለቀ። ለቅሶህ ላይ አንጣላም።