ስንዝር ውሃ ላይ የበቀለ ቀጤማ

ምንይሹ ጉድጓዱን መቆፈር ስትጀምር ለጠየቃት ሁሉ ቲማቲም ልተክል ነው ትል ነበር። ጉድጓዱ ጉልበቷን ሲያልፍ ሮማን ነው አለች። ወገቧ ጋ ሲደርስ ጎረቤቶቿ የሚተከለው ነገር ሰው እንዳይሆን ሰግተው ነው መሰል መጠየቁን ተዉት።

እውነቱን የምታውቀው ልጇ ኦሸሪት ብቻ ነበረች። ምንይሹ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የእንቁራሪት ጩኸት እየሰማች መተኛት አምሯት ነበር። ልጅ ሳለች ጎንደር ውስጥ፣ ከቤታቸው በታች ባለው ረግረግ የሚንጫጩትን እንቁራሪቶች ዝም ለማሰኘት ድንጋይ ስትወረውር ታመሽ ነበር። አሁን በምትኖርበት በእስራኤሉ ጊቫት ሃሞሬ ላይ ግን ከመኪናና ከውሻ በቀር የሚጮህ የለም፤ ለእነሱ ደግሞ ድንጋይ አይወረወርም። ኦሸሪት ሃይፋ ተፈጥሮ ታስተምራለች። አርብ አርብ በባቡር ስትመጣ ስለ ጓሮ ኩሬ አወራቻት፤ ውሃው ካለ እንቁራሪቱም፣ የውሃ ተርቡም፣ ወፉም ሳይጠሩት ይመጣል አለቻት። ከዚያ በኋላ ምንይሹን ከአካፋው ማን ያላቅቃት።

ኦሸሪት መጥታ ጉድጓዱን ስታየው ግን አልሳቀችም። ዙሪያውን ቀጥ ያለ፣ እንደ እህል ጉድጓድ የጠለቀ ነበር።

«ኢማ፣ ይሄ ኩሬ አይደለም» አለች፣ እናቷን በዕብራይስጡ እየጠራች። «ወጥመድ ነው። የገባ አይወጣበትም።»

ከዚያ እጇን እየዘረጋች አስረዳቻት። የኩሬ ሕይወት ያለው መሐሉ ላይ ሳይሆን ዳር ዳሩን ነው። በአጥሩ በኩል ሰው ተደላድሎ የሚቀመጥበት ያህል ሰፊ መደብ ይውጣለት፤ ከመደቡ በላይ የሚቆመው ውሃ ከስንዝር አይበልጥ፤ ተክሉ የሚተከለው እዚያ ነው። አፈሩ ወደ ጥልቁ እንዳይንሸራተት የመደቡ ከንፈር በድንጋይ ይታጠር። በቤቱ በኩል ደግሞ ቀስ እያለ የሚወርድ የጠጠር ዳርቻ ይሠራ፤ ጃርትም ይሁን ወፍ የወደቀ ሁሉ በእግሩ ይወጣል። አፈሩ ስስ ይሁን፤ ፍግ የሚባል ነገር እንዳይነካው፤ ፍግ ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ምንይሹ አንድ ከረጢት ፍግ አዘጋጅታ ነበርና ቅር እያላት ለቃሪያው ሰጠችው። መደቡንና ዳርቻውን እንደተባለችው አወጣች፤ የድሮ ምንጣፏን ከሥር አነጠፈች፤ በላዩ ውሃ የማያሰርግ ላስቲክ አለበሰች፤ ውሃውንም ሞላች።

ኦሸሪት ናናና ቢጫ አበባ ያለው የውሃ ተክል አመጣች። ምንይሹ ደንገልም እንትከል ብትላት፣ እሱማ ኩሬውን በአንድ ክረምት ይውጠዋል ብላ ከለከለቻት። ስለዚህ ምንይሹ ሳታማክራት አንድ ቀን ወደ ቤት ሸአን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች፤ እርሻ ዳር ወረደች፤ ከቦይ ውስጥ አንድ እጅ ቀጤማ ከነሥሩ ነቀለችና በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አድርጋ ተመለሰች። መደቡ ላይ ተከለችው። ቀጤማው ስንዝሩን ውሃ ወደደው። በጋው ሲጋመስ የአጥሩን ዳር ሞልቶ ነበር፤ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች አንዲት እንቁራሪትም ገብታ ተቀመጠች።

ጉዱ የመጣው ከተፈራ ነው። ተፈራ ሁለተኛ ፎቅ ይኖራል፤ የሕንፃው ኮሚቴ፣ የቫዓድ ባይቱ ሊቀመንበር ነው። ባቡር ጣቢያ ቦርሳ ፈታሽ ነበር፤ ጡረታ ቢወጣም ፍተሻውን አልተወም፤ ደረጃው ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ዘንቢሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይነግረው አያልፍም። ጓሮው የጋራ ነውና ነዋሪውን ሰብስቦ ኩሬው ትንኝ ያመጣል፣ ጥልቅ ነው፣ ልጅ ይውጣል ብሎ ተናገረ። ምንይሹ እንቁራሪቷ ትንኝ ትበላለች ብትል፣ አንዲት እንቁራሪት ለስንት ትንኝ ትደርሳለች ብሎ ሰውን አሳቀባት። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሻሎም ሁልጊዜ መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ይስማማል፤ መጨረሻ የተናገረው ደግሞ ተፈራ ነበር።

«ከበዓላቱ በኋላ አሸዋ ይገባበታል» አለ ተፈራ። «ተናግሬያለሁ።»

በዚህ አገር ማንም የማይቸኩልለት ነገር ሁሉ ከመስከረሙ በዓላት በኋላ ይባላል። ተፈራ ግን የተናገረውን የማያስቀር ሰው ነው፤ አሸዋውን የዚያኑ ዕለት አዘዘ። ምንይሹ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አላት። ማለዳ ማለዳ ወጥታ ጠጠሩ ላይ ትቀመጥና እንቁራሪቷን ታያታለች፤ እንቁራሪቷም ታያታለች።

በዚህ መሐል ለተፈራ ልጅ ለያርደና ሽማግሌ እንደሚመጣ ተሰማ። ከኔታንያ ከተማ፣ በሱኮት፣ በዳስ በዓል ሳምንት። ተፈራ ደረጃው ላይ ላገኘው ሁሉ ሽማግሌ በባዶ ሴራሚክ ላይ አላስቀምጥም፣ እንደ አባቴ ቤት ቀጤማ ጎዝጉዤ ነው የምቀበል እያለ ደረቱን ነፋ። ቀጤማውንም ከሩቅ ለሚያመጣ ሰው አዘዘ። ሰውየው በዋዜማው መጣና አንድ ጆንያ አስረክቦ ሄደ። ዕድሜውን የሰው ቦርሳ ሲበረብር የኖረው ተፈራ ያቺን አንዲት ጆንያ ሳይፈትሽ ተቀበላት። ሲከፍታት ውስጡ ያለው ደርቆ መጥረጊያ መስሏል። ምንይሹ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም አየች። ተፈራ ጆንያውን ይዞ ለረጅም ጊዜ እንደቆመ፣ ዓይኑም ቀስ ብሎ ወደ ኩሬው እንደሄደ አየች።

አይጠይቃትም። አሸዋ ይገባበታል ካለ በኋላ በምን አፉ።

ምንይሹ ልብሱን አስጥታ ስትጨርስ የጓሮውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባች። ማጭዷን አጥባ አጥሩ ላይ፣ ከቀጤማው ትይዩ ሰቀለች። ከዚያ ሻሎምን ደረጃው ላይ አቁማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ነገ በማለዳ ገበያ እንደምትሄድና እስከ ቀትር እንደማትመለስ ነገረችው። ሻሎም ጥሩ ሐሳብ ነው አላት።

በማግስቱ ሻይዋን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠች። ብዙ አልጠበቀች። ተፈራ በነጠላ ጫማ ወረደ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ ማጭዱን አነሣ። ቀጤማው ጥቅጥቅ ብሎ ስለበቀለ ከላይ ሲያዩት ደረቅ መሬት ላይ የቆመ ይመስላል። አንድ እፍኝ አጨደ፤ ለሁለተኛው አንድ እግሩን ወደ ፊት አራመደ። እግሩ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሁለተኛው ተከተለው። ከዚያ ተፈራ፣ ወንበር እንደቀረበለት እንግዳ፣ በዝግታ ውሃው ላይ ቁጭ አለ። እንቁራሪቷ ዘላ በትከሻው አለፈች።

ምንይሹ ሻይዋ እስኪደፋ ሳቀች። ግን ተፈራ አልተነሣም። እንደተቀመጠ፣ ያጨዳትን እፍኝ ቀጤማ ጭቃ እንዳይነካት ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟታል። ምንይሹ የሞተችውን ሚስቱን አስታወሰች፤ እሷ ብትኖር ይህ የእሱ ሥራ አልነበረም። ሳቋ ከመንገድ ቀረ። ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወጣች።

«አያ ተፈራ፣ ትንኝ እየቆጠሩ ነው?»

«ልመረምር ነው የወረድሁ።»

«በማጭድ?»

ተፈራ ማጭዱን አየው፤ ከዚያ እሷን አያት። «አንቺ ገበያ ሄደሽ አልነበር?»

«ረሳሁት» አለች።

 ተፈራ በእጁ ውሃውን ለካ፤ የእጁ አንጓ እንኳ ሳይሰጥም ጣቱ ጭቃውን ነካ። ጥልቅ መስሎት እንደነበር ለራሱ አጉተመተመ።

«የወደቀ እንዲወጣ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው» አለች ምንይሹ። «ወደዚህ ወደ ጠጠሩ ይምጡ። ጃርት እንኳ ይወጣል።»

ተፈራ ከመደቡ ወረደና መሐሉን አቋርጦ በጠጠሩ ዳርቻ እየረገጠ ወጣ፤ አንድ እግሩ ባዶ ነበር። ነጠላ ጫማው እዚያው ቀርቷል። ሱሪው እየተንጠባጠበ ፊቷ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እታለም፣ ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል።»

«አውቃለሁ። ማጭዱን ማን የሰቀለው ይመስልዎታል?»

ተፈራ አያት፤ የተቀባውን በር አየ፤ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቅ አመለጠው።

ምንይሹ ራሷ አጨደችለት፤ ከውሃው በላይ አስተርፋ፣ ከአንድ ወገን ብቻ፣ የቀረው ለእንቁራሪቷ ጥላ እንዲሆን። ከሰዓት በኋላ ሽማግሎቹ ሲገቡ የተፈራ ሳሎን ረግረግ ረግረግ ይሸት ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አንድ ዘለላ አነሣ፤ በጣቱ ፈተገው፤ አሸተተው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ርጥብ ቀጤማ ከየት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችው ምንይሹ ብርጭቆዋን አተኩራ ማየት ጀመረች።

ተፈራ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ከጓሯችን ነው» አለ። «ኩሬ አለን።»

እንግዲያው ለሠርጉም ይኸው ይሁን አሉ ሽማግሎቹ። ተፈራ፣ ይኖራል፣ አላቸው።

በዓላቱ ባለፉ በሳምንቱ የጭነት መኪና አሸዋውን በሩ ላይ ዘርግፎ ሄደ። ሻሎም ወጥቶ አየና ኩሬው መደፈኑ ተገቢ ነው አለ። ተፈራ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ አሸዋ ይገባበታል ብያለሁ፣ ይገባበታል አለና አካፋውን አነሣ። ኦሸሪት እያሳየቻቸው አሸዋውን በጆንያ ሞልተው፣ ገደል ሆኖ በቀረው ወገን ከሥር ጀምረው ደረደሩት፤ በላዩ ስስ አፈር አለበሱት፤ ከንፈሩን በድንጋይ አጠሩት። ውሃው ከላይ ስንዝር ያህል ቆመ። የአንድ መደብ ቀጤማ ለሠርግ አይበቃም ነበርና ሁለተኛ መደብ ወጣለት። ሻሎም ይህም ተገቢ ነው አለ።

ሥራው ሲያልቅ ተፈራ እግሩን እየታጠበ፣ እግረ መንገዱን፣ የዚያን ቀን የጠፋችውን ነጠላ ጫማውን አይታ እንደሆነ ምንይሹን ጠየቃት። ምንይሹ አላየሁም አለች። ሲመሽ ጩኸቱ ከቀጤማው ሥር ተነሣ፤ ምንይሹ መስኮቷን ከፈተችለት። እንቁራሪቷ ነጠላ ጫማው ላይ ተደላድላ መቀመጧን ምንይሹ ታውቃለች፤ ለማንም ግን አትናገርም።